ከችሎት በኋላ ወደ ቤት

በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሴትን መጥለፍ ወንጀል ነው ይል ነበር፤ በቁጥር 558 እስከ ሦስት ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣ ነበር። እዚያው ቁጥር ላይ ግን መውጫ በር ተበጅቷል። የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ከጠላፊዋ ጋር የሚጸና ጋብቻ ከፈጸመች ክሱ ይቀራል። ቁጥር 599 ደግሞ ይህንኑ ምሕረት ለደፈራትም ሰው ዘርግቶለታል። ፈቃዷ የተጠየቀው የት ሆና፣ በማን ፊት፣ ከስንት ቀን እገታ በኋላ እንደሆነ ሕጉ ግድ አልነበረውም። ይህ ድንጋጌ ንጉሡን አልፎ፣ ደርግን አልፎ፣ የሴቶችን እኩልነት በአንቀጽ 35 ያወጀውን የ1987ቱን ሕገ መንግሥትም ተሻግሮ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ጸንቶ ኖሯል። እንዲህ ያለ በር በሕግ ውስጥ ለምን ተቀመጠ፣ ማንስ ዘጋው፣ ከተዘጋ በኋላስ ለምን ሰዎች አሁንም በዚያው ይወጣሉ ብሎ መጠየቅ፣ ስለ አስገድዶ መድፈር ክስ ሲወራ የሕዝቡ ስሜት ወዴት እንደሚያጋድል ለመረዳት ጥሩ መነሻ ነው።

የተለመደው መልስ “ባህላችን ነው” የሚል ነው። ግማሹ እውነት ነው። የዚያ ሕግ ረቂቅ አዘጋጅ ግን ዣን ግራቨን የተባለ የስዊስ የሕግ ሊቅ ነበር፤ ሐሳቡም ከደቡብ ጎንደሮቹ የደራ ወይም የፎገራ ሽማግሌዎች የተቀዳ አልነበረም። በዚያ ዘመን የደፈራትን ያገባ ከቅጣት ያመልጣል የሚል አንቀጽ በጣልያን የወንጀል ሕግ ውስጥም ነበር፤ ቁጥሩ 544። ፈረንሳይ ጠላፊውን በጋብቻ የሚያድነውን የራሷን አንቀጽ የሰረዘችው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። ስለዚህ የባህር ማዶው ሊቅና የእኛ የአገር ሽማግሌ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ ተስማምተው ነበር ማለት ነው። በደሉ የደረሰው በልጅቱ ላይ ሳይሆን በቤተሰቧ ክብር ላይ ነው፤ ክብሩ በጋብቻ ከተጠገነ ደግሞ የሚከሰስበት ነገር አይቀርም። ይህን እያወቁ ጉዳዩን የኋላ ቀርነትና የሥልጣኔ ጠብ አድርጎ ማቅረብ አያስኬድም።

ከባሕር ዳር ወጥቶ በሐሙሲት በኩል ወደ አንበሳሜ የሚታጠፍ ሰው የሚደርስበት አገር፣ ደራም ሆነ አዋሳኞቹ ኢስቴና ፎገራ፣ ነፍስ ሲጠፋ ደም የሚመለስበት፣ ደም ሲፈስም ሽማግሌ የሚሮጥበት አገር ነው። ሽምግልና እዚህ ጌጥ አይደለም። ሁለት ወገን ጠመንጃ አንሥቶ ሲፈላለግ፣ መንግሥት ሩቅ ሆኖ ወይም ዘግይቶ ሳለ፣ መስቀል ተይዞ መሐል ይገባል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ዋስ ይጠራል፤ ወዲያና ወዲህ ያለው ዘመድ እንዳይነካካ ይማማላል። በዚህ መንገድ የዳኑ ነፍሶች ብዙ ናቸው። ይህን የማያከብር ሰው ስለ አማራ ገጠር ፍትሕ ሊናገር የሚገባው አይመስለኝም። ችግሩ የሚመጣው ያው ጥበብ የተደፈረች ልጅ ጉዳይ ላይ ሲውል ነው። ሽማግሌው የሚያየው ሁለት ቤት ነው። ወንድሞቿ ይነሣሉ፣ የእሱ ወንድሞች ይመልሳሉ፣ አገር ይታመሳል። ስለዚህ ይህ እንዳይሆን ይዳኛል። ሁለቱ ቤቶች ሲታረቁ የእሱ ሥራ አለቀ፤ በዚያውም መጠን በትክክል ሠርቷል። ልጅቱ ግን ከመጀመሪያውም ከባለጉዳዮቹ አንዷ ሆና አልተቆጠረችም። እርቁ የተሠራው በእሷ ነው፤ ለእሷ አይደለም።

በጣና ምሥራቅም ሆነ በምዕራብ ጎጃም ጠለፋ እንደ አርሲና እንደ ደቡቡ አልተስፋፋም ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ካገቡት ሴቶች ከመቶ ስምንት ያህሉ በጠለፋ እንዳገቡ ሲያሳይ የአማራ ክልል ድርሻ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። አንዳንድ ሰው ይህን ይዞ “ጠለፋ የእኛ አይደለም” ይላል። ያው ጥናት ግን የአማራ ክልል ሴቶች ከአገሪቱ ሁሉ ቀድመው እንደሚዳሩ አሳይቷል፤ ግማሾቹ ዐሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ነበር የተዳሩት። ሁለቱ ነገሮች ተነጥለው የሚታዩ አይደሉም። ልጁን በዐሥር በዐሥራ ሁለት ዓመቷ የሚድር አባት ምክንያቱን ሲጠየቅ ከሚሰጣቸው መልሶች አንዱ፣ ሳታገባ ከቆየች አንድ ነገር ይደርስባታል፣ ስሟም ይጠፋል የሚል ነው። እናም ከጥቃት ሊጠብቃት ብሎ ቀድሞ ለአልጋ ይሰጣታል። የሠርግ ማግስት ብር አምባር የሚባለው ሥርዓት፣ ሚዜዎች የደም ምልክት ይዘው ወደ ሙሽራዋ ወላጆች የሚሄዱበት፣ የልጅቱ ገላ የአገር ጉዳይ መሆኑን በአደባባይ የሚያስመሰክር ነበር። ገላዋ የቤተሰብ መዝገብ ከሆነ መዝገቡን ያበላሸ ሰው ዕዳው ለቤተሰቡ ነው፤ እሷም ከበደሉ በኋላ የተበላሸው መዝገብ ሆና ትቀራለች። ነውሩ ከደፋሪው ተነሥቶ በእሷ ላይ የሚያርፈው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን አሠራር መጀመሪያ የናዱት ከተሜ የሕግ ባለሙያዎች አይደሉም፤ የገጠር ልጆች ናቸው። በ1988 ዓ.ም. ገደማ አበራሽ በቀለ የምትባል የዐሥራ አራት ዓመት የአርሲ ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ለማምለጥ ስትሞክር የጠላፊዋን ጠመንጃ ይዛ ነበርና ሲደርስባት ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ያኔ ገና የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጉዳዩን ያዘ፤ ፍርድ ቤቱም በመጨረሻ ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ ነፃ አሰናበታት። የማኅበሩ መሪ የነበሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል። እስከዚህ ድረስ ያለው ታሪክ በኩራት የሚነገር ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን ብዙ አይወራም። ነፃ የተባለችው ልጅ ወደ ቀዬዋ መመለስ አልቻለችም፤ የሟች ወገን በቀል ይጠብቃት ነበርና። ከዓመታት በኋላ ታሪኳ ተፈልጎ “ድፍረት” የተባለ ፊልም ተሠራ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2014 በአሜሪካው ሰንዳንስ ፌስቲቫል ተሸለመ። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚ ከተቀመጠ በኋላ ግን በፍርድ ቤት ዕግድ ተቋረጠ፤ ዕግዱን ያመጣው የእሷው አቤቱታ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው “ታሪኳ ለዓለም ሲነገርላት ምን ከፋት?” ብሎ ነበር የተቆጣው። ሽማግሌዎቹ ሳይጠይቋት የታረቁባትን ልጅ ጥበበኞቹና ተመልካቾቹም ሳይጠይቋት ሲያደንቋት አንድ መሆናቸውን ያስተዋለ ጥቂት ነበር። አድናቆት ከንቀት ይሻላል፤ ነገር ግን ባለቤቲቱን ከጉዳዩ ውጭ ያደረገ አድናቆት የተለየ ነገር አይሠራላትም።

ሁለተኛዋ ወይንሸት ናት። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. በአርሲ ስትጠለፍ ዐሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። ፖሊስ አስለቀቃት፤ ጠላፊው በዋስ ወጣ፤ በዋስ እንደወጣም እንደገና ጠለፋት፤ ወር ያህል ይዞ የጋብቻ ወረቀት አስፈረማት። ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ ቁጥር 558ን ያነበበ ሰው አይጠፋውም። ቤተሰቧ ግን እርቁን አልቀበልም አለ፤ አባቷ ከጎኗ ቆመ። በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ዋናውን ተከሳሽ ዐሥር ዓመት፣ አራቱን ግብረ አበሮቹን ስምንት ስምንት ዓመት ቀጣ፤ በአገሪቱ ታሪክ በጠለፋ ጉዳይ ግብረ አበሮችም ጭምር የተቀጡበት ያልተለመደ ፍርድ ነበር። ወራት ሳይቆይ ይግባኝ ሰሚው ችሎት ነገሩ በስምምነት የተፈጸመ ይመስላል ብሎ ፍርዱን ሻረ፤ አምስቱም ተለቀቁ። የሰበር አቤቱታውም ተቀባይነት አላገኘም። ማኅበሩና ኢኳሊቲ ናው የተባለው ድርጅት ጉዳዩን ለአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን አቀረቡት፤ ኮሚሽኑ በ2008 ዓ.ም. መንግሥት ልጅቱን ባለመጠበቁ ተጠያቂ ነው ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር እንዲከፍላት ወሰነ። ከጠለፋው እስከ ውሳኔው ዐሥራ አምስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነበር የቀረው። በዚህ መሐል ያ የሕግ መውጫ በር ተዘጋ፦ በ1996 የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ጀምሮ የሠራው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠለፋን ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት አደረሰው፤ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ጠላፊውን ከክስ አያድነውም ብሎ በግልጽ ጻፈ። ሕጉ እንዲለወጥ ከገፉት ነገሮች አንዱ የዚህች ልጅ እምቢታ ነው፤ ለእሷ ግን አልደረሰላትም።

እዚህ ላይ አንድ የውጭ ታሪክ ማስገባት ግድ ይለኛል፤ ምክንያቱም ከአበራሽና ከወይንሸት ጋር ጎን ለጎን ሲቆም አንድ ነገር ያሳያል። በደቡብ ጣልያን በሲሲሊ ደሴት አልካሞ የምትባል የገበሬ ከተማ አለች። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1965 ገና ማግስት ፍራንካ ቪዮላ የተባለች የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እዚያ ተጠለፈች፤ ቀናት ታግታ ተደፈረች። ጠላፊው በቁጥር 544 ተማምኖ ሽማግሌ ላከ። አባቷ በርናርዶ በግብርና የሚያድር ሰው ነበር፤ የወይን ማሳው ተቃጠለ፤ ዛቻው በዛ፤ ቢሆንም ልጄ አታገባውም አለ። በቀጣዩ ዓመት በትራፓኒ ችሎት ተከሳሹ ዐሥራ አንድ ዓመት ተፈረደበት። አንቀጹ የተሰረዘው ግን ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ1981 ነው። እስከዚህ ታሪኩ የወይንሸት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል፤ አባት ይቆማል፣ ሕግ ዘግይቶ ይከተላል። ልዩነቱ ከዚህ በኋላ ነው። ፍራንካ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው የአገሯን ልጅ አገባች። የጣልያን ፕሬዚዳንት ለሠርጓ ስጦታ ላከ፤ የሮማው ጳጳስም ተቀብለው አነጋገሯት። ኋላም አልካሞ ተመልሳ ኖረች፤ ልጆቿን አሳደገች፤ የታሠረው ሰው ተፈቶ ሲወጣ ወደ ከተማዋ መግባት የከበደው እሱ ነበር። እኛ ዘንድ ግን የሚሰደደው ሰው ሌላ ነው።

ክርክሬን በአጭሩ ላስቀምጠው። በመድፈር ክስ ዙሪያ የሕዝብ ምላሽ የሚለካው በጩኸቱ ስፋት፣ በቅጣቱ ክብደት ወይም ለተጎጂዋ በተሰጠው ሙገሳ አይደለም። ችሎቱ ካለቀ በኋላ ማን ቀዬው ይቀመጣል፣ ማንስ ጓዙን ይሸክማል በሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን አበራሽ ነፃ ተብላ ተሰደደች፤ ወይንሸት አሸንፋ ከአርሲ ወጣች። የእነሱ ድፍረት እጅግ ትልቅ ነበር፤ ያነሰው በሁለተኛ መስመር መቆም የነበረበት ሰው ነው። ጎረቤት፣ ምስክር፣ የዕድር ዳኛ፣ ንስሐ አባት፣ መምህር። የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል፤ አካላዊ ወይም ጾታዊ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ለማንም አልተናገሩም፤ እርዳታ የጠየቁት ሩብ ያህል ናቸው፤ ከእነሱም አብዛኞቹ የሄዱት ወደ ጎረቤትና ወደ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ችሎት የሚያስችለው በደብረ ታቦር ያለው የዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሳይሆን የጎረቤቷ ምድጃ ነው። እዚያ “ዝም በይ፣ ስምሽ ይጠፋል” ከተባለች መዝገብ አይከፈትም።

ቅጣቱን ብናከብደው አይሻልም ወይ የሚል ሰው ይኖራል፤ ብዙዎችም ይላሉ። አሁን ያለው ሕግ ቀላል አይደለም። አንቀጽ 620 ለአስገድዶ መድፈር ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት፣ አንቀጽ 627 ከዐሥራ ሦስት ዓመት በታች የሆነችን ሕፃን ለደፈረ ከዐሥራ ሦስት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ያስቀጣል፤ ጥቃቱ ሞት ካስከተለ ደግሞ እስከ ዕድሜ ልክ ይደርሳል። ከ1949ኙ ጋር ሲነጻጸር ሰማይና ምድር ነው። ሆኖም የገጠር ዐቃቤ ሕግ የሚቸገረው ቅጣቱ አንሶበት ሳይሆን ምስክሩ ጠፍቶበት ነው። ቅጣቱ በከበደ ቁጥር የተከሳሽ ዘመድ ለእርቅ የሚሮጠው በዚያው ልክ ይፈጥናል፤ ሃያ ዓመት የሚያሳስር ነገር ላይ ካሣው ይጨምራል፣ አማላጁም ይበዛል። እርቁ በቃል ያልቃል፤ ከዚያ ምስክሩ ችሎት ቀርቦ “ያየሁት ነገር የለም” ይላል፤ መዝገቡም ይዘጋል። የበለጠ የሚያስፈራ ሕግ ተጽፎ የሚያስፈራውን የሚናገር ሰው ከሌለ ከወረቀት አያልፍም።

ሌላው ክርክር ከበድ ያለ ነው። የተቆጣ ሕዝብ ዳኛ ሲሆን ንጹሕ ሰውም ይጎዳል፤ ስለዚህ የሕዝብ ጩኸት ከችሎት ራቅ ቢል ይሻላል ይባላል። በዚህ እስማማለሁ፤ ባሕር ዳር ከተማ ላይ በተፈጸመ ወንጀል በ2016 ዓ.ም. የተነሣውንም ቁጣ በዚሁ ዐይን ማየት ይገባል። በ2015 ክረምት ሔቨን የምትባል የሰባት ዓመት ሕፃን ቤተሰቧ በተከራየበት ግቢ ተደፍራ ተገደለች። የቤቱ አከራይ ጥፋተኛ ተብሎ ሃያ አምስት ዓመት ተፈረደበት። ጉዳዩ ግን አገር የሰማው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው፤ ነርስ የሆነችው እናት ፍርዱ አንሷል፣ ይግባኝ ተጠይቆበታል፣ እኔም ሥራዬንና ቤቴን ጥዬ ተሸሽጌ እኖራለሁ ብላ በአደባባይ ስትናገር። በነሐሴ 2016 አዲስ አበባም ባሕር ዳርም ውጭ ያለውም ኢትዮጵያዊ ተነሣ፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው ፈረመ፤ የሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ድምፁን አሰማ። ብዙዎች ስቅላት ጠየቁ። እዚህ ላይ ቁጣው ዳኛውን ለመተካት ከዳዳ ትክክል አልነበረም፤ ቅጣት የሚመዘነው በመዝገቡ ነው። ከዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን እናቲቱ ራሷ የተናገረችው አንድ ነገር ብዙ ጆሮ አላገኘም፤ ከቤት ቤት እየተሰደድኩ ነው ያለችው። ሁለት መቶ ሺህ ሰው የፈረመላት ሴት የምታድርበት የተረጋጋ ቤት አጥታ ነበር። የእኔ ተቃውሞ ለጩኸቱ ሳይሆን ለአቅጣጫው ነው። ችሎቱ ላይ የተጣለው ጉልበት ግማሹ እናቲቱን በሰፈሯ ወደማቆየቱ ቢዞር፣ የተከሳሹ ወገን ወደ ደጇ እንዳይደርስ ቢከበር፣ ዳኛው ላይ ጫና ሳይደረግ ፍትሕ ይጠናከር ነበር። እንደ ፈረንጆቹ በ2024 መጨረሻ ፈረንሳይ አቪኞን ላይ ጂዜል ፔሊኮ የተባለች የመድፈር ተጎጂ ችሎቱ በይፋ እንዲታይ ስትጠይቅና ኀፍረቱ ወደ አጥፊዎቹ ይሻገር ስትል ዓለም አጨበጨበላት፤ ባሏን ጨምሮ ሃምሳ አንድ ሰዎች ተፈረደባቸው። ልዩነቱ ግን ስሟን ለአደባባይ የሰጠችው እሷው መርጣ መሆኑ ነው። እኛ ዘንድ የተጎጂዋ ስምና ፎቶ ከእሷ ፈቃድ ቀድሞ ይዞራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሰፈሯ ለመመለስ ብትፈልግ እንኳ መንገዱ ይጠባል።

የሕዝባችን ቁጣ ለተጎጂዋ ወይስ ለወገኑ እንደሆነ በጣም የታየው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ታጣቂዎች የደቡብ ጎንደሯን ነፋስ መውጫን ይዘው በነበረበት ጊዜ ሴቶች ተደፍረዋል፤ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐሥራ ስድስት ሴቶችን አነጋግሮ ዘገባ አወጣ። የእኛ ክልል ያኔ በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ መጮኹም ተገቢ ነበር። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ያው ድርጅት በትግራይ ስልሳ ሦስት ተጎጂዎችን አነጋግሮ ሲያወጣ፣ ተጠያቂዎቹም የፌዴራልና የኤርትራ ወታደሮች፣ ከአማራም የተሰለፉ ኃይሎች ሲሆኑ፣ ከእኛ በኩል የተሰማው በአብዛኛው “ውሸት ነው” ነበር። ትግራይ ላይ ደግሞ የነፋስ መውጫው ሲሰማ ተመሳሳይ ነገር ተባለ። ሁለቱም ወገን የመድፈርን ክፋት ያውቀዋል ማለት ነው፤ የሚክደው አጥፊው የራሱ ሲሆን ነው። እንዲያውም ይህ ከአንበሳሜው ሽምግልና ጋር አንድ ስሌት ነው። ክብሯ የወገን ክብር ስለሆነ ጠላት ሲነካው ይጮኻል፤ ዘመድ ሲነካው ይሸፈናል። ይህን መጻፍ አንዳንዱን አንባቢ ያስቆጣ ይሆናል፤ ግን ስለ ሕዝብ ምላሽ እየጻፉ ይህን መዝለል ሌላውን ሁሉ ዋጋ ያሳጣዋል።

ታዲያ ተጎጂዋ እቤቷ እንድትቆይ መንግሥት ምን አለው? አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ እንዲደረግ ይደነግጋል፤ ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ በሚያስቀጡ ከባድ ወንጀሎች ላይ ይሠራል። የሚሰጠው ጥበቃ ግን ምንድን ነው? ዘብ ማቆም፣ ማንነት መሸሸግ፣ መኖሪያ መቀየር። አንድ የጦር መሣሪያ ነጋዴን ላጋለጠ ሰው መልካም ነው። ለደራ ገበሬ ልጅ ግን መኖሪያ መቀየር ማለት እርሻዋን፣ እናቷን፣ ትምህርት ቤቷን ትታ መሄድ ነው፤ አጥፊው ያደረገባትን መንግሥት ሕጋዊ አድርጎ ያጠናቅቅላታል። የወረዳ ፖሊስ ደግሞ እያንዳንዷን ደጅ ሊጠብቅ አይችልም፤ ቢያስብም ሰው የለውም።

እዚህ ላይ ነው ከላይ ያከበርኩትን ሽምግልና መልሼ የምጠራው፤ ለሌላ ሥራ ግን። ሽማግሌው በደም ጉዳይ በደንብ የሚያውቀው ጥበብ አለ፤ እሱም ዋስ ነው። ሁለት ወገን ሳይታረቅ፣ ነገሩ ገና በመንግሥት እጅ ሳለ፣ ወዲያኛው ወዲህኛውን እንዳይነካ ዘመድ ዋስ ጠርቶ ያስራል። የተጣሰ ዋስ በዚህ አገር ከባድ ነውር ነው፤ ሰው ከማኅበርና ከሰንበቴ እስከ መገለል ያደርሳል። ይህ መሣሪያ በመድፈር ጉዳይ ላይ በተቃራኒው ሲሠራበት ኖሯል፤ ዋሱ የተጠራው እሷ እንዳትከስ ነበር። ቢገለበጥስ? ፍርዱን ለፍርድ ቤት ትቶ፣ ይቅርታንም ለእሷ ትቶ፣ የአገር ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ ቢይዝ፤ የተከሳሹ አጎቶችና ክርስትና አባቶች ልጅቱ፣ ቤተሰቧና ምስክሮቿ እስከ ፍርዱና ከፍርዱም በኋላ እንዳይነኩ ቃል ሰጥተው ዋስ ቢጠሩ። በአማራ ክልል ገጠር ማኅበረሰብ የተሻለ ውል ሲቀርብለት ልማዱን እንደሚለውጥ የታየ ነገር ነው። ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ በ1990ዎቹ መጨረሻ ብርሃነ ሔዋን የተባለ ፕሮጀክት ወላጆች ልጆቻቸውን በፕሮጀክቱ ዘመን እንዳይድሩ አስማምቶ፣ ለሚያሟላ ቤተሰብ የቤት እንስሳ ሰጥቶ፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ እንዲቀንስ አድርጓል። እዚያ ማንም ባህሉን ሰድቦ አልገባም፤ የቤተሰቡን ስሌት ነው የቀየረው።

ሽማግሌው እንዲህ ያለውን ዋስ ይቀበላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። አንዳንዱ አይቀበልም፤ የተከሳሹ ወገን ብዙና ባለ ሀብት ከሆነ በተለይ። ዋሱ ደግሞ እንደ አሮጌው እርቅ በጓሮ የሚያልቅ ከሆነ ሌላ ማዕረግ ያገኘ ማስፈራሪያ ይሆናል። ስለዚህ የወረዳው ዐቃቤ ሕግ ባለበት መፈጸም፣ በመዝገቡ ላይ መያያዝ፣ ሲጣስም ምስክርን ለማስፈራራት እንደ ተደረገ ሙከራ መታየት ይኖርበታል። ምን ምን እንደሚይዝም ከወዲሁ መጻፍ ይቻላል። ልጅቱ ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድበት መንገድ፤ ውኃ የምትቀዳበት ምንጭ፤ አንበሳሜ ላይ ገበያ የምትወጣበት ቀን፤ የአባቷ አውድማና የክምሩ ደኅንነት፤ የምስክሮቹ ከብቶች፤ ከችሎት ውሎ በኋላ እናቷ ቡና ስታፈላ የሚጠራው ጎረቤት።